የደሳለ ወንበር

ስሜነሽ ሰውን ሳታስፈቅድ ከወንበሩ አንሥታ አታውቅም። በላስታ ይህን ያልሰማ የጤና ሠራተኛ የለም፤ ወሬዋ ከሷ ቀድሞ ነው ገጠር የሚደርሰው። ሃያ ዓመት ካርድ ክፍል ሠርታ፣ ካርዱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ፣ እንግዲህ ጡረታዋን ትጠብቅ ተብላ ታምታ ነበር። እሷ ግን ማሽኑን ሊተክል ከመጣው ባለሙያ ጎን ሦስት ቀን ሙሉ ቆማ እጅ እጁን ስታይ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን እሱ ሄደ፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ቀረ።

ቁልፉ ላሊበላ ያለች የአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ ውስጥ ሰርቨር የሚሉት ጥቁር ሣጥን ቀን ከሌት ያጓራል። የገጠር ጤና ጣቢያ ሠራተኞች በየስክሪናቸው ይጻፉ እንጂ ሥራው የሚሠራው እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው፤ እነሱ ጋ ያለው መስኮቱ ብቻ ነው። ሣጥኑ በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ያስተናግዳል። ስሜነሽ እያንዳንዱን ቦታ ወንበር ትለዋለች። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰውዬው ከመስኮቱ ይጠፋል፤ ወንበሩና የጀመረው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይጠብቀዋል። ኔትወርኩ ሲመለስ መጥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ወንበሩ ከተነሣ ግን ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ባለሙያው የተቋረጠ ሰው በግማሽ ሰዓት ካልተመለሰ ማሽኑ ራሱ እንዲያነሣው አድርጎ ነበር። ስሜነሽ በሁለተኛው ሳምንት ያንን አጠፋችው። በማርያም ማኅበሯ የቀረ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል፤ ምን ሆነህ ቀረህ ብሎ የሚጠይቅ ሰውም ይላክበታል። ኔትወርክ ፍለጋ አንድ ሰዓት ዳገት የሚወጣ ሰው በግማሽ ሰዓት ከየት ይመለሳል? ስለዚህ ማሽኑ ማንንም እንዳያነሣ ከለከለችው። ወንበር ማንሣት የግድ ሲሆን ባለቤቱ ጋ ደውላ፣ ፈቃዱን ተቀብላ ታነሣለች።

ነሐሴ ላይ ይህ ደግነቷ ዞሮ መጣባት። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለቱም ወንበር ሞልቶ ሰው አላስገባ አለ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ግማሹ ሠራተኛ ሥራውን እንደከፈተ ፈቃድ ወስዶ ሱባኤ ገብቷል። አንድ በአንድ ደወለች። የአንዱን ስልክ ሚስቱ አነሣችና፣ እሱ ይህን ዓለም ከናቀ ሳምንቱ ነው፣ ወንበሩንም አብረሽ ውሰጅለት አለቻት። ሌላው ወንበር መያዙንም አያስታውስም። ረፋድ ላይ ስድስት ወንበር ተለቀቀ፤ የቆመው ሥራ መላወስ ጀመረ።

ከተቋረጡት መካከል አንድ ስም ብቻ ቀረ። ደሳለ፣ ብልባላ፣ አራት ቀን።

ደሳለ የብልባላ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበር። ነበር የተባለው ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ነው። ስሜነሽን ደፍሮ የሚቀልድባት እሱ ብቻ ነበር፤ መንግሥተ ሰማያት በር ላይም እርስዎን ቢያቆሙልኝ ወንበር አላጣም ይላት ነበር። ሐሙስ ቀትር ላይ ዝናቡ ኔትወርኩን ሲቆርጥበት በስልክ አገኛት።

“እትዬ ስሜ፣ ወንበሬን እንዳያነሡብኝ። አንዲት ሴት ቀረችኝ፤ ደርሼ እመለሳለሁ።”

“አንተ ደግሞ መቼ ጨርሰህ ታውቃለህ” አለችው። ለደሳለ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ወሰደው። ዓርብ ተቀበረ።

ሳይደወል ወንበር አይነሣምና ስሜነሽ የሱንም ቁጥር ደወለች። መስመሩ እንደማይሠራ የምትናገረዋን የማሽን ሴት እስከ መጨረሻው፣ እንግሊዝኛውንም ሳይቀር ሰምታ ዘጋች።

ወዲያው የብልባላዋ አዋላጅ ሔለን ደወለች። ወንበር አግኝታ ገብታለች፤ የነፍሰ ጡሮቹ መዝገብ ግን ደሳለ ይዞታል እያለ አልከፈት አላት። ስሜነሽ ደሳለ በእጁ ስለሚጽፍበት ደብተር ጠየቀቻት። ሔለን ደብተሩ በሻንጣው እንደነበር፣ ሻንጣውም እንዳልተገኘ ነገረቻት።

በዚህ መሐል የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኢያቄም መጡ። ማኅተማቸውን ከኮት ኪሳቸው የማይለዩ፣ ነገር ባጭሩ የሚወዱ ሰው ናቸው።

“ወይዘሮ ስሜነሽ፣ የሞተ ሰው ተመልሶ አይጽፍም። ማሽኑን አጥፍተው ያብሩትና ይገላገሉ።”

ስሜነሽ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ደሳለ ክረምቱን በእግሩ ዞሮ የመዘገባቸው ዐሥራ ዘጠኝ ነፍሰ ጡሮች እዚያ ወንበር ላይ አሉ። ቅጹ የመጨረሻው መስመር ካልሞላ ሴቭ አያደርግም። ደብተሩን ውኃ በልቶታል። ወንበሩ ከተነሣ የትኛዋ ሴት በየትኛው ጎጥ፣ በየትኛው ቀን እንደምትወልድ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ያለው መላ አንድ ነው። የደሳለን የይለፍ ቃል ቀይራ በሱ ስም ብትገባ፣ ማሽኑ እሱ የመጣ መስሎት የቆየለትን ወንበር ይሰጣታል። ይህን ለዘንጊዎች በየቀኑ ታደርገዋለች፤ ግን በገዛ አፋቸው ለምነዋት ነው። አርባው ባልወጣ ሰው ስም ገብቶ መቀመጥ ከሬሳ ጣት ቀለበት የማውለቅ ያህል ሆነባት።

“ይጻፉልኝ” አለቻቸው።

“ምን ብዬ?”

“ደሳለ ስለማይችል ስሜነሽ ትግባለት ብለው።”

አቶ ኢያቄም ሊስቁ ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት። ቆመው ጻፉ፣ ማኅተሙንም አሳረፉበት። ስሜነሽ ወረቀቱን ስክሪኑ ሥር አስደግፋ አዲሱን ቃል አስገባች።

ተከፈተ። ደሳለ ሐሙስ እንደተወው ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ዐሥራ ስምንቱ መስመር ሞልቷል። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ፣ “ንጋት። አራተኛ እርግዝና። ባለፈው ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷታል። ቀኗ ነሐሴ ሃያ። ወንዙ ሳይሞላ ወደ ማቆያ” ይላል። ማቆያ ማለት ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ ጤና ጣቢያው አጠገብ የሚሰነብቱበት ቤት ነው። ከቃሉ ቀጥሎ ቀጭኗ መስመር፣ ጸሐፊው አሁን የሚመለስ ይመስል፣ ብልጭ ድርግም ትላለች።

አንዲት ሴት ቀረችኝ ሲላት ስሜነሽ መስመር የቀረው መስሏት ነበር። ለሔለን በስልክ አነበበችላት።

“እትዬ” አለች ሔለን፣ “ሊያመጣት ነበር የሄደው።”

ዓርብ ደሳለን የተሸከሙት ሰዎች ንጋትን ሊያመጡ ቃሬዛውን እንደገና አነሡ፤ ወንዙን ትተው በላይኛው መንገድ ዞሩ። ስሜነሽ የቀረውን ሞላች። “ወደ ማቆያ” ከሚለው ቀጥላ “እንድትመጣ ሰው ተልኳል” ብላ ጻፈች። የመዝጋቢው ስም ላይ ማሽኑ ራሱ ደሳለ ብሏል። እሷ ከሥሩ፣ “መጨረሻውን በሱ ወንበር ሆና የጻፈችው ስሜነሽ ናት” ብላ ጨመረች። ሴቭ አድርጋ መዝገቡን ለሔለን ለቀቀችላት። ወንበሩን ግን አላነሣችም። አቶ ኢያቄምም አልጠየቋት።

ንጋት ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ወለደች። ደሙ እንደተፈራው መጣ፤ ግን ሔለን እጅ ላይ መጣና ቆመ። የብልባላ ወሬኛ ሁሉ ሕፃኑ ደሳለ ይባላል ብሎ ሲጠብቅ ሴት ሆነችበት። ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው።

የዚያን ሰኞ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሔለን ደወለች። ንጋት ደርሳለች፤ እግሯን ታጥባ ማቆያው ውስጥ ተኝታለች።

ስሜነሽ ስልኩን አስቀመጠችና ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ፣ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚቆመው፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች። በሩ ላይ የነበሩት አቶ ኢያቄም ኮፍያቸውን አወለቁ።

“ደርሳለች፣ ደሳለ” አለች ስክሪኑን። “ወንበርህን ላንሣው።”

እንደ ልማዷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ነካችው፤ ስሙም ከዝርዝሩ ወጣ።