የሙሽራው ጎማ

ዱባለን የኬራኒዮ ሰው በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በሞተሩና በጎማ ወሬው። ሞተሯ እውነትም ወሬ ታስወራለች። ድሮ በሾፌርነት ይሠራበት የነበረ የእርዳታ ድርጅት ሲዘጋ አለቃው ትቶለት የሄዳት ናት። ከፊቷ ንፋስ የሚከላከል መስታወት፣ ከኋላዋ ግራና ቀኝ ሻንጣ፣ ለሁለት ሰው የሚደላ መቀመጫ አላት፤ ሩጫም ረጅም መንገድም አያቅታትም። ዕድሜዋ ገፋ ብሏል፣ እሱ ግን እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት።

የጎማ ወሬውን ያልሰማ ካለ ደግሞ ሰፈሩን ቀድሞ የለቀቀ ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ አጠገቡ ወዳለው ሰው ጠጋ ይልና ይጀምራል። "ስማ፣ ለስላሳ ጎማ መንገድ ይጨብጣል፣ ዝናብ ላይ አይከዳህም፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ደረቁ ዕድሜው የማቱሳላ ነው፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ሳሙና እንደረገጥክ ቁጠረው። ትልልቅ ጥርስ ያለው ለኮረኮንች ነው፤ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ያንቀጠቅጥሃል። እኔ የምፈልገው ለሁሉም የሚሆነውን ነው፤ መሀሉ ጠንከር፣ ጎንና ጎኑ ለስለስ ያለ። ቀጥ ብለህ ስትሄድ በጠንካራው ትሄዳለህ፣ ስትታጠፍ ለስላሳው ይይዝሃል። ገባህ?" ወይ ዱባለ! ሟች ቀና ብሎ ቢሰማው እሱም ይስቅ ነበር።

ማኑሄ ሚስቱ ይህን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። "የሰው ባል ስለ ሚስቱ ያወራል፣ የኔው ስለ ጎማ" ትላለች። ትቀልድ እንጂ የጎማው ነገር የመጣው በእሷ እንደሆነ ታውቃለች። ከዓመታት በፊት፣ ከዚህችኛዋ በፊት የነበረችውን ትንሽ ሞተር በሚነዳበት ጊዜ፣ በክረምት ጭኗት ሲሄድ ቆሼ አጠገብ ጎማው አንሸራቶ ጥሏታል። ጉልበቷ ዳነ፣ ልቧ ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ሞተር ላይ አልወጣም ብላ ቀረች፤ እሱም ከኋላው ያለው ባዶ መቀመጫ ሁልጊዜ ይቆጨው ነበር።

የዱባለ ምኞት ደግሞ አንዲት ናት። ለመስቀል ማኑሄን ከኋላው አስቀምጦ፣ ቡታጅራን አልፎ፣ ሆሳዕና አጠገብ ካለችው የእናቷ የወይዘሮ ሰርኬ ደጅ መድረስ። ሁለት ዓመት ለመናት። በመጨረሻ ዘንድሮ ክረምቱ መሀል ላይ፣ እንዲሁ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለችው። "ግን ጎማው አዲስ ይሁን። ያውም አንተ ራስህ የመረጥከው። ከሌላ ሰው አፍ አላምንም።"

ደስታውን አትጠይቁኝ። በማግስቱ በጠዋት አየር ጤና፣ የኔሰው ሱቅ ደረሰ።

የኔሰው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ይገጥማል። የጎጃም ልጅ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ለዱባለ ግን ጎሚስታ ብቻ አይደለም። ሚዜው ነው። በሠርጉ ቀን ሸሚዙን የቆለፈለት፣ ተንበርክኮ የጫማውን ክር ያሰረለት እሱ ነው። ያን ዕለት ዱባለ ውሃ ሊቀዳ ብድግ ባለ ቁጥር ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠው ነበር። "ሚዜ እያለ ሙሽራ አይነሳም!" እንዲህ ያለበት ቀን ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የኔሰው ግን ዛሬም ዱባለን በስሙ አይጠራውም። "ሙሽራው!" ነው የሚለው፤ ማኑሄን "ሙሽሪት።" የፀሎት፣ የልጃቸው፣ የክርስትና አባትም እሱ ነው።

ለዚያች ሞተር የሚሆን ልክ እንደ ልብ አይገኝም። ያን ቀን ግን የኔሰው ዘንድ ከአንድ ሁለት ዓይነት ነበር። ዱባለ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲመርጥ ግማሽ ቀን ፈጀ። ያሸታል፣ ያገላብጣል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር መሀሉን ይጫናል፣ ጎኑን ይጫናል፣ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት የታተመበትን ቦታ እያበሰ ያነባል። አላፊ አግዳሚው ሚስት የሚመርጥ ነው የመሰለው። በመጨረሻ አንድ ጥንድ ለየ። ዘንድሮ የተሠራ፣ ጥፍር ሲያርፍበት ጎኑ እሺ የሚል፣ መሀሉ እምቢ የሚል። ዋጋውንም እዚያው ጨረሰ። ሞተሯ ፍሬኗ ተፈቶ ቤት ስለነበረች፣ "ተሠርታ እስካመጣት በአደራ አስቀምጥልኝ" አለው።

"አደራ? ከኔ ጋር አደራ ትባባላለህ? ሂድ ወዲያ!" አለ የኔሰው እየሳቀ።

ጳጉሜ ላይ ሞተሯን ይዞ ሄደ። ዱባለ ጎማ ሲገጠም አጠገብ ቆሞ ማየት ልማዱ ነው፤ የማንም ጎሚስታ እጅ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነው የሚቆመው። የኔሰው ግን ትከሻውን ያዘና ጎረቤት ካለው ምግብ ቤት አስገባው፣ ጥብስ አዘዘለት። "ብላ። ሚዜ እያለ ሙሽራ አይነሳም።" ዱባለ ሳቀ፣ በላ። የኔሰው ወደ ጓሮ ገብቶ ሠራ።

ዱባለ ከምግብ ቤቱ ሲወጣ ሞተሯ ደጅ ላይ ቆማለች፤ ጎማዎቿ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ያው እሱ የመረጠው ዓይነት፣ ያው ጥርስ። ዱባለ በልማዱ ጎንበስ አለ። አውራ ጣቱ ወደ ጎማው ጎን ሄደ። ቀና ሲል የኔሰው በጨርቅ እጁን እየጠረገ ያየዋል። በዚያች ቅጽበት ይሉኝታ ያዘው። አሁን ቢጫነው ምን ማለት ነው? ሚዜውን ሌባ ብሎ መፈተሽ አይደለም? ጣቱን መለሰና፣ የጎነበሰው ለዚህ ነው ለማሰኘት፣ ያልተፈታ የጫማውን ክር ፈትቶ አሰረ። ይሉኝታ ስንቱን ጨረሰ!

መስቀል ሊደርስ ሲል ጉዞ ጀመሩ። ማኑሄ ለእናቷ የገዛችውን ጋቢ አንዱ ሻንጣ ውስጥ አጥፋ ከታ፣ የራስ ቁሯን አጥብቃ፣ ከኋላው ወጣች። እጆቿንም ወገቡ ላይ ጠመጠመች። ከንጋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። "ዝናብ ነው" አለችው። "ይዝነብ። ጎማው ለዚሁ ነው" አላት። አየር ጤና ሲደርሱ የኔሰው ሱቁን እየከፈተ ነበር። ጥሩምባ ነፋለት። የኔሰውም ዞሮ አያቸው፤ ትንሽ ፈዘዝ አለ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አውለበለበ። "ሙሽሮቹ! መልካም መንገድ!"

ብዙም አልሄዱ። አየር ጤናን አልፈው ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ከፊታቸው ገባና ቆመ። ዱባለ ፍጥነት አልነበረውም። ፍሬን ነካ፣ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ያኔ ነው የኋላ ጎማው ከሥሩ የወጣው። መንገዱን የሚይዘው ጎን፣ ያ ስንት ዓመት የተወራለት ለስላሳ ጎን፣ ምንም ሳይጨብጥ ጥርግ አለ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው። ሞተሯ ቀስ ብላ ተኛች፣ እነሱም አብረዋት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኋላ መኪና አልነበረም። የማኑሄ የእጅ አንጓ ግን ወዲያው አበጠ። ሻንጣው ተከፍቶ ነጩ ጋቢ ጭቃ ውስጥ ተዘረጋ። እሷ መጀመሪያ ጋቢውን አየች፣ ቀጥሎ ባሏን።

"አዲስ ነው አላልከኝም?"

የዱባለ ዓይኑ ጎማው ላይ ነበር። ጎማውን አዲስ ያስመሰለው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅባት በዝናቡ ታጥቦ ወርዶ፣ ጥርሱና ጥርሱ መሀል እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ይታያል። የታተመውን ዓመት በጣቱ አብሶ አነበበ። ፀሎት ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የተሠራ ጎማ ነው፤ ፀሎት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ያው ዓይነት፣ ያው ልክ፣ ግን መጋዘን ውስጥ ተጥሎ ድንጋይ የሆነ።

"ሌላው ሁሉ ቢቀር፣" አለች ማኑሄ፣ "እኔን አትዋሸኝም ብዬ ነበር።"

ሞተሯን እየገፋ፣ እሷ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አየር ጤና ተመለሱ። የኔሰው ሲያያቸው ዘሎ ወጣ። "ኧረ በስመ አብ! ምን ሆናችሁ? ተረፋችሁ?"

"የኔሰው፣" አለ ዱባለ፣ "ይሄ እኔ የመረጥኩት ጎማ ነው?"

የኔሰው ወደ እሱ አልዞረም። ወደ ማኑሄ ነው የዞረው። "ሙሽሪት፣ እኔ እኮ ነግሬው ነበር። ይሄ ቆየት ያለ ነው፣ ትንሽ ታገስ፣ አዲስ ይገባል ብዬዋለሁ። ለመስቀል ካልደረሰ ሞቼ እገኛለሁ ያለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ፈጥኖ ይሆናል። ባልሽን ታውቂው የለ!"

መሬቱ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት ተጋድሟል። ዱባለ አነሳው፤ መዘነው፤ መልሶ አስቀመጠው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ እሱ ግን ብረቱን የተወው የማኑሄን ፊት ማየት ስለፈለገ ነው። የኔሰውን ታምነው ይሆን?

ማኑሄ ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ አለች። በደኅናው እጇ አውራ ጣት የጎማውን መሀል ተጫነች። "መሀሉ ጠንካራ ነው። ደህና።" ከዚያ ጎኑን ተጫነች። ጥፍሯ ተጣጠፈ። ደግማ ተጫነች። ቀና አለች።

"ጎኑ ለስላሳ መሆን ነበረበት" አለች። "ስማ የኔሰው፣ ይሄ ሰውዬ ስለ ለስላሳ ጎን እያወራ ስንት ራት አስበርዶብኛል። ሲተኛ ጎማ፣ ሲነሳ ጎማ። እሱ ነው ይሄን ድንጋይ የመረጠልኝ? በሌላው ነገር ውሸታም ነው ብትለኝ አስብበት ነበር። በጎማ ግን አትበለኝ!"

የኔሰው ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። መሬት መሬት አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለዱባለ ብቻ የሚናገር ይመስል፣ "የሆነ ደንበኛ መጣብኝ" አለ። "ትልልቅ ሞተር የሚነዱ ጓደኞች ያሉት ነው። ያንን አንተ የመረጥከውን ካልሸጥክልኝ ብሎ ያዘኝ። ባስቀይመው ሁሉንም ይዞብኝ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ ነው የምትነዳ... አንተ የትም አትሄድብኝም ብዬ ነው።"

አንተ የትም አትሄድብኝም! ሰው ወዳጁን የሚያታልለው ስለሚንቀው ይመስለን ነበር፤ ለካስ ስለሚተማመንበትም ነው።

"ጎማውን ተወው" አለ ዱባለ። "ዛሬ ጠዋት አይተኸናል። ዝናብ ነበር። ማኑሄን ከኋላዬ አይተሃታል። ቁም ማለት ትችል ነበር። ቁም ብቻ! አንተ ግን እጅህን አውለበለብክ።"

የኔሰው ወንበር ስቦ አመጣ። "እክስሃለሁ፣ ዛሬውኑ ፈልጌ... እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል፣ በእናትህ ቁጭ በል።" ዱባለ አልተቀመጠም። ሞተሯን እየገፋ ወጣ፣ ማኑሄም በደኅናው እጇ ከኋላ ያዘችለት።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እጇ ታስሮ፣ ጋቢው ታጥቦ፣ በሚኒባስ ለመሄድ አየር ጤና ሰልፍ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ሰርኬ ለጎረቤቱ ሁሉ በሞተር ይመጣሉ ብለው አውርተው ነበር፤ የሚጠይቅ ይበዛል። ማኑሄ ግን ስትወጣ፣ "ሌላ ጎማ ስታገኝ ንገረኝ" ብላዋለች። ለዱባለ ይህ ይበቃዋል።

ወረፋቸው ሊደርስ ሲል ከመንገዱ ማዶ ያ ድምፅ መጣ።

"ሙሽራው!"

ዱባለ ላይዞር ለራሱ ምሎ ነበር። አንገቱ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ለዚያ ጥሪ ሲዞር የኖረ ነው፤ ሳያስበው ዞረ። የኔሰው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ እጁን ግማሽ ድረስ አንስቷል። ዱባለ በገዛ አንገቱ ተናደደ፣ ፊቱን መልሶ የማኑሄን ቦርሳ ተቀበላትና ገባ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማኑሄ ሱቁ በሚታይበት መስኮት በኩል ልቀመጥ ብላ ቦታ ቀየረችው፣ እሱም ሱቁን ከዚያ ወዲያ አላየውም።