ጥቁሩ ባና

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥቡ ጎረምሶች አስጠርታ ነበር። የሚያጓራ ማሽን እየጎተቱ ገቡ፤ አረፋ ረጩ፤ እድፉን በቱቦ መጠጡና ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጨርሰው ሄዱ። እጃቸው እንኳ በወጉ አልራሰም። እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ "ይኼም ማጠብ ሆነና!" እያልኩ በሆዴ ስስቅባቸው ነበር። ኋላ ግን በበሩ በኩል የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ መጣ። ያ ዝናብ የመታው በግ የሚሸተው ሽታ፣ ሳሙናውም ሽቶውም ያልሸፈነው። ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። ምራቴ "አባባ፣ ምን ሆኑ?" ብትለኝ "ፀሐዩ ዓይኔን መታኝ" አልኳት። እሷም አመነችኝ፤ ወይም ያመነች መሰለች።

በጎረምሳነቴ፣ በንጉሡ ዘመን፣ የእኔም እንጀራ ይኸው ነበር። ጌታ የለኝ፣ ቀጣሪ የለኝ፤ እንዶድ የሞላ ስልቻዬን አንግቼ፣ የጓሳን ብርዳም ደጋ እያቋረጥኩ ከመንዝ ጊሼ፣ ከጊሼ መንዝ እመላለሳለሁ። የደህና ደህና ቤቶችን ስጋጃና ባና፣ ከተገኘም ከፋይ የለበሰ ወንበር አጥባለሁ። ባና ስል ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራሙን የብርድ ልብስ ማለቴ ነው፤ በዚያ አገር ያለ እሱ የሚያድር አልነበረም። ልብስ ማጠብ ያኔ ለአሽከር የሚተው ሥራ ነበርና አባቴ "የሰው እድፍ ተሸክሞ የሚዞር ልጅ ወለድኩ" እያለ በሰው ፊት ያሳፍረኝ ነበር። እኔም ግትር ነበርኩ። እንዶዱ አረፋ ሲያወጣ፣ የጠቆረው ውኃ እየጠራ ሲሄድ፣ የተረሳ ቀለም ከእድፉ ሥር ብቅ ሲል ደስ ይለኝ ነበር። ለማን ልናገረው? ማንም አይረዳኝም።

ጊሼ፣ ራቤል ውስጥ አንዲት ባለጸጋ መበለት ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ እሜቴ ይላቸዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ የመጡ የከፋይ ወንበሮችና አንድ ነጣ ያለ ትልቅ ስጋጃ ነበራቸው። ልጅ አልወለዱም። ስለ ስጋጃው ሲናገሩ የሰማ ግን የወለዱት ይመስለው ነበር። ቁጡ ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከግቢው አልፎ መንገደኛ ያስቆማል።

እዚያ ቤት አንዲት ገረድ ነበረች፤ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ፣ ጡት ያልጣለች ልጇን አዝላ ከመርሐቤቴ ድረስ በእግሯ የመጣች ናት። ልጅ ያዘለች ገረድ ማን ያስገባል? እሜቴ ግን እየተቆጡም ቢሆን አስገቧት። እኔ ቤቱን ባወቅሁበት ጊዜ ልጅቱ ጥርሷን መንቀል ጀምራለች፤ ከእሜቴ ገበታ ትበላለች፣ ቄሱ ዘንድ ፊደል ትቆጥራለች። እናቲቱ ልጇ "ሀ ሁ" ስትል በሰማች ቁጥር የያዘችውን ሥራ አቁማ ትሰማለች። እኔም እሷን አያለሁ። ወደድኳት ልበል? ያኔ ቃሉን አልደፈርኩትም፤ ዛሬ ግን ማንን እፈራለሁ፤ ወድጃት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው። እሜቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። እኔ የመጣሁት ወንበሮቹን ላጸዳ ነው፤ የስጋጃው ተራ ለመስቀል ነበር። ከበሩ አጠገብ ባለችው ማዕዘን፣ ገረዲቱ በምትተኛበት በኩል፣ ደም አየሁ። ብዙ አይደለም፤ የተረጨ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ እሷ ከኋላዬ ቆማለች።

"አፍንጫሽ ነው?" አልኳት።

"አፍንጫዬ ቢሆንማ ምን ገዶኝ" አለች። ቀጥላም "ወንድምዓለም፣ በእናትህ፣ ለእሜቴ እንዳትነግርብኝ።"

ሳሏን ቀደም ብዬም ሰምቼው ነበር። በዚያ ብርድና ጭስ የማይስል የለምና ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ደም የሚያስተፋ ሳል ግን ሌላ ነው፤ ሰው ስሙን እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነሳው። እንዲህ የታመመን ሰው ከቤት ያስወጡታል፣ ዕቃውን ይለዩበታል፣ ልጁንም አብረው ይሸሹታል። ለካ ልጇን ከጎኗ አስነስታ ከእሜቴ አልጋ ሥር ማስተኛት የጀመረችው ለዚህ ኖሯል። እሜቴ ደግሞ "ልጅቱ ለመደችኝ" እያሉ በኩራት ያወሩ ነበር።

ቦታዋን ቶሎ አጠብኳት። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀው፤ ሙቅ ውኃ ካገኘው ከፀጉሩ ጋር ይጋገራል። ከወንዝ ውጪ የማይቻል ትልቅ ስጋጃ ካልሆነ፣ የበግ ፀጉር ሌላ ሌላ እድፉ ለብ ያለ ውኃ ይወዳል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ አምጡልኝ የሚል ሰው ካየህ የሚያጥበው ደም ነው ማለት ነው። ደሙ ጥርግ ብሎ ወጣ። ሲደርቅ ግን ያች ማዕዘን ከሌላው ስጋጃ ተለይታ ነጭ ሆና ቁጭ አለች። እድፍ ይደበቃል፤ ንጹሕ ቦታ በምን ይደበቃል? ከበሩ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ስለዚህ በነጋታው እሜቴን ለመንኳቸው። "ስጋጃው አቧራ ጠጥቷል፤ ዝናቡ ሳይመጣ ልጠበው፤ ዋጋም አልፈልግ" አልኳቸው።

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ስጋጃዬን ነው ወይስ ገረዴን ነው የወደድከው?" አሉኝ። አቀረቀርኩ። ሳቁና "ውሰደው፤ እሷም ትርዳህ" አሉኝ። እንዲያ ማሰባቸው በጀን።

ያ ቀን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ጉሙ ከወንዙ ላይ ገና አልተነሣም። ስጋጃውን ውኃው ውስጥ ዘርግተን፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ተጭነን፣ እንዶዱን በጥብጠን አፈሰስንበትና በእግራችን እንረግጠው ጀመር። ውኃው አጥንት ይሰብራል። አረፋው እስከ ጉልበታችን ደረሰ፤ እሷ ልትወድቅ ስትል ክንዴን ያዘች፤ እኔ ሆን ብዬ ተንገዳገድኩ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ስትጨርስ ነጠላዋን ሳታየው አጠፈችው።

"ደብረ ብርሃን ሐኪም አለ። እኔ አደርስሻለሁ" አልኳት።

"ሄጄስ? ሐኪም ቤት የከረመች ገረድ ማን መልሶ ያስገባታል?"

"ሳትድኚ ብትቀሪስ?"

"ልጄ እዚህ ትበላለች። እዚህ ትማራለች። እኔ ከወጣሁ እሷም ትወጣለች፤ ከወጣች ደግሞ ወዴት ነው? ወደ አባቷ?" ከዚያ ክርክሩ እንዳለቀ ሁሉ ተነሥታ መርገጧን ቀጠለች። እኔም ተከትያት ገባሁ። ጎትቼ ልወስዳት የምችል ይመስል፣ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ጎትቼ ወስጃታለሁ።

ስጋጃው ሊደርቅ ብዙ አስቸገረ። ደመናው ቶሎ መጥቶ ኖሮ፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር እየሮጥን አወጣነው፣ ባስገመገመ ቁጥር እየሮጥን አስገባነው። እሜቴ "አበሰበስከው! ፍቅርህን ሌላ ስጋጃ ላይ ተወጣ!" እያሉ ግቢውን ቀወጡት። ደረቀ፤ ነጭ ሆነ፤ ያች ማዕዘንም ከሌላው ጋር ተመሳሰለች። ግን የነጣ ስጋጃ ጠብታም ሳትቀር ያሳያል። ከሰኔ ወዲያ ደግሞ ማጠብ የሚባል ነገር የለም፤ የበግ ፀጉር በክረምት ከረጠበ አይደርቅም፣ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ክረምቱን ምን ላይ ተኝታ ነው የምትዘልቀው?

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ወርጄ ጥቁር ባና ፈለግሁ። ግራጫ አይደለም፣ ቡናማ አይደለም፤ ከድፍን ጥቁር በጎች ፀጉር የተሠራ፣ ቀለም ያልነካው። ሻጩ "ለለቅሶ ነው?" ቢለኝ ሰደብኩት። በሰኔ መባቻ በረዶ እየወረደብኝ ጓሳን ተሻገርኩና አመጣሁላት። ዘርግታ አየችው፤ ምክንያቱን ልነግራት አፌን ሳልከፍት ገብቷት ነበር።

"ለሴት ጥቁር ይሰጣል እንዴ?" አለችኝ እየሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷን ባናው ውስጥ ቀበረች።

እሜቴ ከጓዳ ወጥተው "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

"ወለሉ ይበርዳታል ብዬ ነው፤ ጥቁርም እድፍ ይችላል እሜቴ" አልኳቸው።

"ይችላል" አሉ። ሳይቆጡ ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። ይሄ ከእሳቸው ያልተለመደ ነበር።

ክረምቱን በመንዝ፣ አባቴ ቤት ከረምኩ። ወንዞቹ ሞሉ፤ ጓሳ በጉም ተዘጋ። የአባቴን ማጉረምረም እየሰማሁ፣ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዳመጥኩ፣ ጥቁሩ ባና ላይ የሚሆነውን አስብ ነበር። አንዳንዴ በብልሃቴ እኮራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በሩን ከፍቼ ጉሙ ገልጦ እንደሆነ አያለሁ።

በመስከረም እንደ ልማዴ ለመስቀል አጠባ ራቤል ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጅቱ ናት። ፀጉሯ ተላጭቷል። ከኋላዋ እሜቴ መጡ፤ ጥቁር ለብሰዋል። ለገረድ ጥቁር የለበሰ ጌታ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

"በፍልሰታ አረፈች" አሉኝ፣ ልጅቱን ወደ ውስጥ ከላኳት በኋላ። በዚያ ጉሮሯቸው እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ይኖራል አልልም ነበር።

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። የሚታጠበውን ልብስ ሁሉ አውጥተው ደጃፉ ላይ ከመሩት፤ ስጋጃውን፣ ነጫጩን ባና፣ ከላይ ጥቁሩን። እጃቸውን ጥቁሩ ላይ አሳረፉ።

"ይኼንን በቀዝቃዛ ውኃ እጠበው" አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። "ያውቁ ነበር?"

"ስጋጃዬ ላይ ያችን ነጭ ቦታ ካየኋት ጀምሮ። አንተ ልጅ፣ እኔ እናቴን በዚሁ ነው የቀበርኩት፤ ስንት ባና አጥቤላት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም? ለምን ሐኪም ቤት—"

"አውቄብሻለሁ ብላት በማግስቱ ልጇን ይዛ ትወጣብኝ ነበር። ኩሩ ናት። እሷ ትደብቃለች፣ እኔ አላየሁም እላለሁ፤ እንዲያ ስንል ነሐሴ ደረሰ።" በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። "መጨረሻ ላይ፣ ልጅሽ ልጄ ናት ብዬ ማልኩላት። ያኔ ነው 'እሜቴ፣ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ' ያለችኝ። ቀድማ ብታውቅ ምን ታደርግ እንደነበር አልጨረሰችውም።"

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። በእሳቸው እንዳልል፣ ከእኔ በምን ይለያሉ? ሦስታችንም ለልጅቱ ሳስተን፣ ሦስታችንም ዝም ብለን፣ እናቲቱ በመካከላችን ሞተች። ደብረ ብርሃን እኮ የቀናት መንገድ ቢሆንም የማይደረስበት አልነበረም።

ወንዝ ወረድኩ። የክረምቱ ጎርፍ አልፎ ውኃው ጠርቷል፤ ከታች ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ጥቁሩን ባና ዘረጋሁትና ዳሩን በድንጋይ ተጫንኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከመሐሉ ቀስ እያለ ቀይ ነገር ተነሣ። ጥቂት መስሎኝ ነበር። አላቆመም። ክረምቱን ሙሉ ማንም ያላየው፣ ጥቁሩ ችሎት የከረመው፣ ቡልቅ እያለ ወጣና ወንዙን ይዞ ወረደ። ይህን ያህል ደም ከዚያች ቀጭን ሴት መውጣቱን ቆሜ ማመን አቃተኝ። ተቀመጥኩ። እንዶዱን አልነካሁትም።

ልጅቱ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ኖሮ ኮቴዋን አልሰማሁም። መሶቡን እንደያዘች ውኃውን ታያለች።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚወርደው?"

"ባናው ነው" አልኳት። "ቀለም እየለቀቀ ነው።"

ወደ ባናው አየች፤ ወደ እኔ አየች። በበግ አገር ያደገች ልጅ ናት፤ የጥቁር በግ ፀጉር ቀለም እንደማይለቅ ከእኔ እኩል ታውቃለች። ልትናገር አየር ሳበች።

"እሺ" አለችኝ። መሶቡን አስቀምጣ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስም ምንም አልጠየቀችኝም።