ዘለለ ወይስ ተገፋ

አየር ወለድ ጦር ውስጥ ዘላዮችን ከአውሮፕላን በር እንዳስወጣ የተመደብኩ ዕለት፣ አሰልጣኜ ከሰላምታ በፊት እጄን አገላብጦ አየ። «የመንዝ ገበሬ እጅ ነው» አለ። «እርፍ የጨበጠ እጅ ይከብዳል። ትከሻ ላይ ስታሳርፈው ቀስ በል።»

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ዘላይ ትጥቅ ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ትፈትሻለህ። የጃንጥላው መክፈቻ ገመድ ከላይ በተዘረጋው ሽቦ ላይ መያዙን ስበህ ታረጋግጣለህ። ቀይ መብራት ሲበራ ሰውየውን በሩ ላይ ታቆመዋለህ፤ አረንጓዴው ሲበራ ትከሻውን መታ አድርገህ «ሂድ» ትለዋለህ። አንተ የምትዘለው ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ ነው።

እዚያ በር ላይ ስንት ዓይነት ሰው አየሁ! ፎካሪው ዝም ይላል፣ ዝምተኛው ይለፈልፋል። አንዱ ውዳሴ ማርያም ያነበንባል፣ ሌላው ቁርሱን ያማል። ሁሉንም እወዳቸው ነበር፤ ዛሬም እወዳቸዋለሁ።

እሸቴ የግሼ ሰው ነው፣ የራቤል። የጦር ክፍላችን ውስጥ ከመንዝና ግሼ የሄድነው እኔና እሱ ብቻ ስለነበርን ወንድሜ ሆነ። በልምምድ ዝላይ እንከን አይወጣለትም። በጦርነቱ ጊዜ፣ ለውጊያ በዘለልንበት ቀን ግን አረንጓዴው በርቶ ትከሻውን ብመታው ሁለት እጁን የበሩ ብረት ላይ አጣብቆ ቀረ። ዓይኑን ጨፍኗል። ከኋላው ሰው ተሰልፏል። አውሮፕላን ቆሞ አይጠብቅም፤ አንዱ ከዘገየ የቀሩት የሚወርዱት ጠላት መሐል ነው። ጉልበቴን ወገቡ ላይ አድርጌ ገፋሁት። ወጣ።

ይህን አንስቼበት አላውቅም። ጡረታ ወጥቼ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ከገባሁም በኋላ፣ እሸቴ በየሠርጉ «ከሰማይ ዘላዩ» እያለ ሲፎክር እኔ አጨብጫቢ ነበርኩ። ራቤል ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «አባ ዝለል» ይለዋል።

አምና የያኔው አዛዣችን ሻምበል ደጀኔ የጦር ክፍላችንን ታሪክ በመጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመሩና ስልክ ደወሉልኝ።

«እሸቴ ዘለለ ወይስ ተገፋ? ከኋላው የነበረው ልጅ ተገፍቶ ነው የወጣው ይለኛል። በሩ ላይ የነበርከው አንተ ነህ።»

«ሻምበል፣ ይቺን ቢተዉዋት ምን ይመስልዎታል?»

«እሷን ከተውኩ የቀረውን ማን ያምነኛል?»

«እንግዲያው እሱን ሳላነጋግር መልስ የለኝም።»

«ሂድ፣ አነጋግረው» አሉኝ።

መንገድ ላይ በጓሳ ደጋ ብርድ ተገርፌ ራቤል ደረስኩ። እሸቴ በግ በማጭድ እየሸለተ ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ በላይነሽ «አንቱ ሰው፣ ምነው ጠፉብን?» እያሉ ጠላ ቀዱልኝና ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ሻምበል የጠየቁኝን እንዳለ ነገርኩት።

እጁ ላላ። ጎኑ በግማሽ የተሸለተው በግ አምልጦ አጥሩን ተሻገረ።

«አየኸው? እሱ ማንም ሳይገፋው ዘለለ» አለ እሸቴ። ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እኔ እኮ አላውቀውም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ጃንጥላው ተዘርግቷል። ይኸው ስንት ዘመን ስፎክር ሆዴ ‹እውነት ዘለልክ?› ይለኛል። አንተን እንዳልጠይቅህ ፈራሁ።»

«ዘለልክ» ብለው ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ውሸቷ ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ግን ሆዱን ገልጦ የጠየቀን ወንድም እንዴት ይዋሻል?

«ገፋሁህ» አልኩት። «በጉልበቴ።»

«ልጆቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለ።

«መሬት ከደረስን በኋላ የሆነውንም ንገራቸዋ» አልኩት። «የሬዲዮ ሠራተኛው ቆስሎ ሜዳው መሐል ሲጣራ ሁላችንም ከጥይት ሸሽተን መሬት ላይ ተኝተን ነበር። እኔም አጠገብህ ተኝቻለሁ። በዚያ ጥይት መሐል ተነሥተህ ሄደህ አዝለኸው መጣህ። ያን ጊዜ የገፋህ ማን ነው?»

«ልጁ ሲጮህ ምን ላድርግ?»

«እኮ። ማን ገፋህ?»

ማጭዱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ለሻምበል ንገራቸው» አለኝ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ይጻፉ። አንዱን ብቻ ከሆነ ይተዉኝ።»

ሻምበል ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን የእሸቴ የልጅ ልጅ ተዳረችና ዱላውን ይዞ ተነሣ። ሰዉ የሚያውቀውን ፉከራ ሲጠብቅ እሱ እንዲህ አለ፦

«ዘራፍ አባ ዝለል፣ ተገፍቶ ወራጁ፤
ጥይት የማይመልሰው፣ ሲጣራ ወዳጁ።»

ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተሞላ። እኔ ግን ማልቀሴን አልደብቅም።

ዛሬ በሩ ላይ ለምትቆሙ ልጆች የምላችሁ ይህን ነው፤ የደነገጠውን ግፉት፣ ሥራችሁ ነው። ስም ለማውጣት ግን መሬት እስኪደርስ ጠብቁት።