የአባቴ ቄጠማና እንግዶቹ ወፎች

በሆሳዕና ዋዜማ ሰው ሁሉ ለዘንባባ ሲሯሯጥ እኔ አባቴን ይዤ ወፍ ለማየት ወጣሁ። ወረታ ውስጥ ይህን ለሰው አይናገሩትም። «ወፍ ልታይ? ይችስ ጤናም የላት!» ይሉኛል። ይበሉ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ጠፍቶ ከቤት ውለዋል። ወፍ ማየት ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ወደ ሰሜን ሀገር የሚያልፉ ጥቃቅን ወፎች ፎገራ ላይ ያርፋሉ። የኛ ሰው ትንሽ ወፍ ካየ ሁሉንም ድንቢጥ ይላል። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው፤ አመድማ ሆነው ከዓይናቸው በላይ ነጭ መስመር አላቸው፣ ቄጠማ ውስጥ ተሸሽገው ሲለፈልፉ ይውላሉ። አባቴ «እንግዶቼ» ነው የሚሏቸው።

ሩዝ የመጣ ጊዜ ጨፌው ሁሉ ታረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው የእኛ ቁራሽ ረግረግ ብቻ ቀረች። አባቴ እሷንም ልጆቼ ያርሷታል ብለው ስለፈሩ ለቤተ ክርስቲያን ሰጧት። በቀዳም ሹር ካህናት የሚያድሉት፣ ሰው በራሱ ላይ የሚያስረው ቄጠማ ከዚያ ይታጨድ አሉ። «የታቦት መሬት ማን ደፍሮ ያርሳል?» ወንድሞቼ አኮረፉ፤ እኔ ግን በአባቴ ብልሃት ተደነቅሁ።

በዚያ በሆሳዕና ዋዜማ ክንዳቸውን ይዤ ስንወርድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከሩቅ ይጮኻል። የጎረቤት ሽንኩርት የሚያጠጣ መስሎኝ ነበር። ስንደርስ ቄጠማው ከነሥሩ ተመንግሎ ተቃጥሏል፤ ሞተሩ የረግረጉን ውሃ እየመጠጠ ነው።

«ሰበካ ጉባኤው ነው ያከራየኝ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ» አለ ሞተሩ አጠገብ የቆመው ሰውዬ፣ ምንም ሳያፍር። «ሩዝ ልዘራበት ነው። ቄጠማው እንደሁ ከባሕር ዳር በመኪና ይመጣል። ምን ቸገረዎ አባ?»

«ኧረ ፈጣሪን ፍሩ!» ብዬ ስጀምር አባቴ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

«ተይ ልጄ። በቤተ ክርስቲያን ላይ አፍ አይከፈትም። ሆድ ይፍጀው።»

ለታቦት ሰጥተው አመድ አፋሽ ሆኑ፣ እሱንም ዋጡት። እኔን ግን አልዋጥልሽ ብሎኛል፣ እስከ ዛሬም።

የሩቅ ማያ መነጽሬን አነሣሁ። ወፎቹ መጥተዋል። ሁለቱ የሞተሩ ቱቦ ላይ አርፈዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ በባዶው ጭቃ ላይ መጠጊያ አጥተው ይንከራተታሉ።

«መጡ?» አሉኝ አባቴ።

«መጥተዋል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

ሞተሩ ነው የሚጮኸው ብዬ አመካኘሁ። ብዙም ሳይቆዩ «እንመለስ» አሉ።

በቀዳም ሹር ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ ቤታችን ገቡ። ቄጠማ የያዙት ቄስ የአባቴ ተማሪ ነበሩ። እንደ ወጉ፣ የጥፋት ውሃ በጎደለ ጊዜ ርግብ ለኖኅ ቄጠማ ይዛ የምሥራች እንዳመጣች ተናገሩና ለአባቴ ዘረጉላቸው። አባቴ ተቀብለው አሸተቱት። ጠውልጓል።

«ውሃውስ ጎደለ» አሉ። «ወፏ ግን ቄጠማውን ከየት ታምጣው?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ቄጠማውን ራሳቸው ላይ ሳያስሩ መደቡ ላይ አስቀመጡት።