ቀይ የነበረው ጦር

ሐሴት ከባሏ ከጢሞቴዎስ ጋር ስትለያይ ካሳራኒ በሚባለው ሰፈር ያለው የኪራይ ቤት ለእሷ ቀረ፤ አልጋ ሥር የተተወው ጦርም አብሮ። ጦር የሚሉት አውራ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ ወታደሮችን ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ዳይስ እየጣሉ ያዋጓቸዋል። የገዛቸው ጢሞቴዎስ ነው፤ የቀባቻቸው እሷ። ቀይ ይሁኑ ያለው ግን እሱ ነበር። ጨዋታውን የሚጫወቱበት ክለብ ውስጥ ሰው «የጢሞ ቀይ ጦር» እያለ ሲያደንቅ አንድም ቀን «ሚስቴ ናት የቀባችው» ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ጊጊሪ ካለው ቢሮዋ ስትመለስ ዴቶል ገዛች። ወታደሮቹን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸውና ቀለሙ ሲላላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገቻቸው። ቤቱ ሆስፒታል ሆስፒታል ሸተተ። ቀዩ እየተላጠ ሲወርድ ክፉ ደስታ ተሰማት። ከዚያ ጥቁር አልብሳ፣ በላዩ አመድማ ደረበችበት፤ ካባቸውን ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ አደረገችው።

ጢሞቴዎስ ወሬው ደርሶት መጣ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ጦሬን ስጪኝ።»

«የቱን ጦር?»

መስኮቱ ላይ እንዲደርቁ የተሰለፉትን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አበላሸሻቸው!»

«ውሰድ ብዬህ መልስ እንኳ ነፍገኸኝ ነበር።»

አንዱን ፈረሰኛ አንሥቶ ሰይፉን ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ያልደረቀው ቢጫ ጣቱ ላይ ቀረ።

«ውጣልኝ» አለችው።

«ክለብ ድርሽ እንዳትዪ!»

«ቅዳሜ ታየኛለህ።»

ቅዳሜ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ክለቡ ሄደች። ጢሞቴዎስ ቀድሟት ደርሶ፣ የክለቡን ኃላፊ ኦዱርን፣ ሁሉም እየሰማ፣ «የያዘችው የተሰረቀ ጦር ነው» አለው።

ኦዱር አንገቱን ነቀነቀ። «ሀፓና፣ የለም፣ ጢሞ። አዲሶቹን ስትገዛ፣ አሮጌዎቹን ትጣላቸው ብለህ እዚሁ ስታስቀን ነበር።»

ሐሴት ሳጥኑን ጢሞቴዎስ ፊት ከፈተች።

«ከእኔ ጋር ተጫወት።»

ሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። እሷ ለዓመታት ከጎኑ ተቀምጣ አየች እንጂ ተጫውታ አታውቅም፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ አልማራትም። የእሷ ወታደር በወደቀ ቁጥር በእጁ ማንሣት ሲችል በጥፍሩ እያስፈነጠረ ከጠረጴዛው ያወርደዋል። እሷ ጎንበስ ብላ ታነሣለች፤ ቀና ስትል ፈገግታውን ታያለች። መጨረሻ ላይ አንድም አልቀራት። እጁን ዘረጋላት።

«ቀለም አያድንም» አለ።

እጁን አልጨበጠችውም። «እንዲያድኑኝ አይደለም የቀባኋቸው። አንተን እንዳይመስሉ ነው።»

ዛሬም ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይጋጠማሉ። ከዳይሱ ቁጥር በቀር ቃል አይለዋወጡም። ኦዱር ሌላ ተጋጣሚ ሊሰጣት ቢሞክር እሺ አላለችም። እስካሁን አላሸነፈችውም፤ ጢሞቴዎስ ግን ስትገባ እንደ ድሮው አይስቅም።