የሻጩ እግር

አጎቴ መኪና ሲፈትሽ ሻጩን ከጎኑ ሳያስቀምጥ አይነዳም ነበር። ወሎ እያለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በሰፈራ አሶሳ ከመጣ በኋላ ግን መሪ የሚጨብጠው ሰው ሲለምነው ብቻ ነው።

ባለቤቴ ለንግዱ አሮጌ ጂፕ ሊገዛ ሲል፣ አጎቴ ከሰፈራ መንደሩ የይለፍ ወረቀት አስጽፎ መጣ። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ የሞተሩን ክዳን በመዳፉ ዳሰሰ።

“አሙቀኸው ነው የጠበቅከኝ?” አለው ሻጩን።

እስኪበርድ ጠብቀን፣ በስንት ግፊያ አስነስተን በባምባሲ መንገድ ወጣን። እኔና ባለቤቴ ከኋላ ነን። ቁልቁለቱ ላይ አጎቴ ፍጥነት ጨመረ። ከታች ጠባቡ ድልድይ ይታያል።

“ጋሼ፣ ኧረ ቀስ በል!” ብዬ ጮኽኩ።

የአጎቴ ዓይን አንዴ ከመንገዱ፣ አንዴ ከሻጩ እግር ላይ ነው። ሰውየው ፍሬን በሌለበት በኩል ተቀምጦ፣ ወለሉን በሁለት እግሩ ተጭኖታል። ላቡ ይንጠባጠባል።

“አባቴ፣ በማርሽ ያዙት! ፍሬኑን አይመኑት!” አለ በመጨረሻ።

አጎቴ ማርሽ ቀንሶ ድልድዩ አፍ ላይ አቆመው። ወደ ባለቤቴም ዞሮ፣ “ፍሬኑን እኔ ሳልረግጠው እሱ ረገጠልኝ” አለ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴን አስከሬን ጭነን በዚያው ቁልቁለት ስንወርድ ከሾፌሩ ጎን ነበርኩ።

“እትዬ፣ አይዞሽ፤ ፍሬኑ ደህና ነው” አለኝ ሾፌሩ።

ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ሁለቱ እግሮቼ ወለሉን ጥብቅ አድርገው ረግጠውታል።