አዳነች የተሳለመችው ድንጋይ

ሥራዬ መቆም ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው፤ ውሸትም የለበትም። በጀርመን አገር፣ በማይን ወንዝ ዳር ከተደረደሩት ሙዚየሞች በአንዱ፣ የጥንት የግብጽ ክርስቲያኖች ዕቃ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ኮት ለብሼ እቆማለሁ። ጎብኚ እንዳይነካ፣ ልጅ እንዳይሮጥ እጠብቃለሁ። ኣልኣሚን እባላለሁ። አስመራ ተወልጄ በአማርኛ የተማርኩ፣ ዚንድሊንገን ያለ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ወገቤ እስኪጎብጥ የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ ጡረታዬን ቆሜ የምጠብቅ ሽማግሌ ነኝ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ላወራ የፈለግሁት ስለ አዳነች ነው።

አዳነች ሙዚየማችንን የምታጸዳ ልጅ ናት። ልጅ የምላት ከእኔ ዕድሜ አንጻር ነው እንጂ የልጅ እናት ናት። ጊንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ከቴሌቪዥን ማማው ሥር ካሉት ፎቆች ባንዱ ትኖራለች። በጠዋት በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር መጥታ፣ በሩ ሳይከፈት ወለሉን ወልውላ ትጨርሳለች። ቀጭን ናት፤ ሥራ ላይ ስትሆን ግን ባልዲውም መወልወያውም ከእሷ ጋር የሚሮጡ ይመስላል። ነገር አታበዛም። እኔም ነገር የሚያበዛ ሰው ስለማልወድ ገና ከመጀመሪያው ወደድኳት።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው፤ አንድ ጠዋት የክፍሌ ደወል ጮኸ። ዕቃዎቹ ፊት ለፊት ቀጭን ገመድ ተወጥሯል፤ አንገቱን ከገመዱ አሳልፎ የሚያስገባ ካለ ደወሉ ያብዳል። ማጥፊያው ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። መቼም ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም፤ እኔም ያን ደወል ላይኛው ፎቅ ያሉት አለቆች ጆሮ ሳይደርስ በማጥፋት እኮራለሁ። ሮጬ ደረስኩና አጠፋሁት። አዳነች መወልወያዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። እመቤቴን አይቼ ሳልሳለማት እንዴት ልለፍ?"

ያሳየችኝ ከክንድ ብዙም የማይበልጥ የኖራ ድንጋይ ነው። አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልጅ ታጠባለች። በሁለት ጣቶቿ ጡቷን ደገፍ አድርጋ ለልጁ ታቀርብለታለች። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ አዳነች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስታያቸው እንዳደገችው ዓይን። ከራሷ ግራና ቀኝ መስቀል ተቀርጿል።

"እመቤትሽ መሆኗን ማን ነገረሽ? ጽሑፉ 'ሴት ከነልጇ' ነው የሚለው።"

"ጋሼ ደግሞ! መስቀሉ አይታይዎትም?"

"እኔ እስላም ነኝ። መስቀል ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ ነው የለመድኩት።"

ሳቀች። ያን ቀን የአለቃ ቁጣ እንዳይደርስባት "ሸረሪት ገብታ ነው" ብዬ አለፍኩት። ከእሷም ጋር ተስማማን፤ ከገመዱ ወዲህ ቆማ እጅ ትነሳለች እንጂ ከንፈሯን አታስጠጋም። ሰኞ ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ስለሆነ ጎንበስ ብላ ትሰግዳለች። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ወንዙን አያለሁ። ሰው ከአምላኩ ጋር ሲነጋገር አፍጥጦ ማየት ነውር ነው።

የምትለምነውን ያወቅኩት በአንድ ፓውዘ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሻይ እየጠጣን ነው። ፀደይ የምትባል ልጅ አለቻት። አገር ቤት፣ ልዕልት ከምትባለው እህቷ ዘንድ ትታት ነው የወጣችው። የልጅቱ አባት ከሱዳን አላለፈም፤ ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትምም።

"ትቻት ስወጣ ገና ትጠባ ነበር" አለችኝ። "እንዳታስቸግር ጡቴን ቶሎ ትተው ብዬ እሬት ቀባሁበት። እንደ ለመደችው ሮጣ መጥታ ጎረሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ ጋሼ። አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ከእጄ መጨረሻ የቀመሰችው እሬት ነው።"

ምን ይባላል? "ኣጆኺ" አልኳት በትግርኛ፣ አይዞሽ ለማለት። አማርኛዬ የጠፋብኝ ያኔ ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ልጅቱን ለማምጣት አንዴ ወረቀት ጎደለ፣ አንዴ ቴርሚኑ፣ ቀጠሮው ተሰረዘ ሲባል ልጅቱ ጥርሷን ነቅላ አበቀለች። አንድ ቀን አዳነች ባልዲዋን ጥላ ወደ ክፍሌ ገባች። "ፊዙሟ፣ የፀደይ ቪዛ ወጣላት! ጋሼ፣ እመቤቴ ሰማችኝ!" እያለች ጉልበቴን ልትስም ስትል ነው ያነሳኋት። ድንጋዩን ስትቀርብ ደወሉ እንዳይጮኽ ቁልፌን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ገመዱን አስታውሳ ከሩቅ እጅ ነሳች።

ፀደይ መጣች። አዳነች ግን ልጇ ከመጣች በኋላ ከፊቱ ይልቅ ከሳች። ልጅቱ ባለጌ ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋነቷ ነው እናቷን የገደላት። የቀረበላትን ትበላለች፤ ሹለዋን፣ ትምህርት ቤቷን ትሄዳለች። ማታ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባና "እማዬ፣ እማዬ" እያለች ከልዕልት ጋር ታወራለች። እናቷን የምትጠራት "አዳነች" ብላ ነው። ጸጉሯን እንኳ አታስነካትም።

"ምግብ ስሰጣት 'ዳንከ' ብላ ታመሰግነኛለች ጋሼ" አለችኝ። "ሱቅ ውስጥ መልስ ለሚሰጣት ሰው እንደሚባለው። አንዴ እማዬ ብትለኝ ሌላ አልፈልግም ነበር። አንዴ ብቻ።"

"ጊዜ ስጫት። እናት የሆነቻት እኮ ልዕልት ናት።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እህቴ ትኑርልኝ። ግን እኔስ?"

በዚህ መሀል ነው ዳኒኤላ የመጣችው። ዳኒኤላ ጎብኚዎችን የምታስጎበኝ፣ ስለዚያ ዘመን የተማረች ወጣት ጀርመን ናት፤ የጠየቋትን ሁሉ ሳትሰለች ታስረዳለች። አንድ ጠዋት ቀድማ ገብታ አዳነች እጅ ስትነሳ አየቻትና ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ልስልስ አለ። ዝም ብትል ማታለል እንዳይሆንባት አሰበች መሰለኝ፣ ቀስ ብላ አስረዳች፤ እኔ አስተረጎምኩ።

በዚያን ዘመን የግብጽ ሰው በአንድ ጀምበር ክርስቲያን አልሆነም አለች። አንድ ቤት ውስጥ እናት የድሮዋን አምላክ የኢሲስን በዓል ስታከብር፣ ልጇ የክርስቶስን ጾም ትጾማለች። ኢሲስ ልጇን ስታጠባ ትቀረጽ ነበር፤ ጠራቢዎቹም የለመዱትን እጅ ይዘው ለክርስቲያን ጠረቡ። ስለዚህ ይህችን ድንጋይ መጀመሪያ ያገኟት ሊቃውንት ኢሲስ አሏት። ሌሎቹ መስቀሉን አይተው ማርያም አሏት። በመጨረሻ ከበርጩማው ሥር የደበዘዘ ቀይ ቀለም ታየ፤ የመቃብር ጽሑፍ ነው። ልጇን ሳታሳድግ የሞተች ተራ ሴት ናት። ስሟ ጠፍቷል። የተነበበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አትዘኚ፤ በዓለም ላይ የማይሞት የለም" ይላል።

እኔን አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት መባሉ አልገረመኝም። እናቴ የከረን ሰው፣ ከቢለን ሕዝብ ናት፤ ወንድሟ ክርስቲያን ነበር። አጎቴ ለፋሲካ በግ ሲያርድ፣ እኛ እንድንበላ ሌላውን በእስላም እጅ ያሳርድልን ነበር። ማን ምን እንደሆነ የሚጨነቀው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው። አዳነች ግን ደርቃ ቀረች።

"እስከ ዛሬ የሰገድኩት ለመቃብር ነው?" አለች። ዳኒኤላ ቃሉን ባትረዳም ፊቷን አይታ ይቅርታ ጠየቀች። አዳነች ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉን ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ትወለውል ጀመር። እኔን ከፋኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ድንጋይዋም የከፋት መስሎ ታየኝ። ቆሞ የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስባል።

አንድ ሰኞ ግን ፊት ለፊቷ ቆማ አገኘኋት። አልሰገደችም፤ እጅም አልነሳችም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከጎረቤት ጋር እንደሚቆም ሰው ነው የቆመችው።

"ይቺ እሬት አልቀባችም" አለችኝ ዞር ሳትል። "ሞት ነው የነጠላት። እኔ በገዛ እግሬ ሄድኩ።"

"አንቺም ወደሽ አይደለም። ደግሞ ልዩነት አለሽ፤ አንቺ በሕይወት አለሽ፣ ልጅሽም መጥታልሻለች።"

"መጣች እንጂ አልመጣችልኝም ጋሼ።"

መልስ ሳጣ የምናደድ ሰው ስለሆንኩ "በይ ቅዳሜ ይዘሻት ነይ፣ መግቢያው ነጻ ነው። ቤት ተዘግቶባት ታኮርፍብሽ ዘንድ ነው እንዴ ያመጣሻት?" ብዬ ተቆጣኋት።

ቅዳሜ መጡ። ፀደይ ቢጫ ጃኬት ለብሳ፣ ጸጉሯን ራሷ ጠምዝዛ አስራው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ከእናቷ ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትታ ትራመዳለች። እኔን ስታይ ጎንበስ ብላ "እንደምን ዋሉ አባባ" አለችኝ። ማን እንዳሳደጋት ገባኝ፤ ልዕልት እጇ ይባረክ።

አዳነች በሩ ላይ ቀረች። "ትይ፣ ብቻዋን ትይ" አለችኝ በዓይኗ። ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። ልጅቱ የተቀደደ የሱፍ ቀሚስ አየች፣ የነሐስ መብራት አየች፣ ከዚያ ድንጋይዋ ፊት ደረሰች። ቆመች። የሚያጠባውን እጅ አየች፣ ልጁን አየች፣ ቀና ብላ መስቀሎቹን አየች። ቀኝ እጇ ወደ ግንባሯ ሲሄድ አየሁት። ማማተቧ ነው። ማስቆም ነበረብኝ፤ እናቷ በዚያ የመጀመሪያ ቀን ያደረገችውን፣ ማንም ሳያሳያት፣ እንዳለ ስትደግመው ማየቱ አፈዘዘኝ። አንገቷን ከገመዱ አሳለፈችና ከንፈሯን ወደ ድንጋዩ ሰደደች።

ደወሉ ጮኸ።

"እማዬ!"

ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጄን ዘርግቼላታለሁ። በስተቀኝ መውጫው ክፍት ነበር። ልጅቱ እኔንም መውጫውንም ትታ፣ በሰው መሀል ተሽሎክልካ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሮጠች፤ አዳነች ጡት ላይ ተወሸቀች።

አውቃለሁ። ሐበሻ ሲደነግጥ እማዬ ይላል፤ እኔም በዚህ ሽበቴ እላለሁ። ቃሉ ባሕር ማዶ ላለችው ለልዕልት ሊሆን ይችላል። ሩጫው ግን የአዳነች ነበር። አዳነች መሬት ተቀምጣ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ ሰብስባ፣ ያን የተጣመመ ጸጉር እየዳበሰች "አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ" ትላለች። ልጅቱ ፊቷን ቀብራ የእናቷን ሹራብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች፤ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ይበልጥ ትጣበቃለች።

ከላይ ፎቅ የአለቃዬ ድምፅ ወገቤ ላይ ባለው መገናኛ ሬዲዮ መጣ። "ሄር ኣልኣሚን! አላርሙ! ምን ሆነሃል?"

"ቁልፉ ጠፍቶብኛል" አልኩት።

ቁልፉ በእጄ ነበር። ይጩህ ብዬ ተውኩት።